የጥጋብ በሽታ ወይስ የእጦት? ማር፣ ጨውና ስኳር በዳንግላ መሶብ

በሽታም እንደ ሰው ስም ይወጣለታል። ስሙ ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ባጭሩ «ስኳር» እያልን የምንጠራው ሕመም ይህ ዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ስኳር ከመላስ የመጣ ይመስለዋል። ስኳር የሚልሰው ደግሞ ያለው ሰው ነው ተብሎ ስለሚታመን «የሀብታም በሽታ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። ጓደኛው ደም ብዛትም ከዚያው ማዕድ እንደ ተነሣ ይቆጠራል። ቦርጭ፣ መኪናና ስኳር በሽታ የአንድ ሹመት ሦስት ምልክቶች ተደርገው ሲቀለድባቸው ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስልም።

ቀልዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሀብታም ነው የተባለን በሽታ ድሃው በራሱ ላይ አይጠረጥረውም። ሞፈርና ቀንበር ሲሸከም የኖረ ቀጭን ጎልማሳ የውኃ ጥም አላስቆም ሲለው፣ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ፣ እየበላ ሰውነቱ ሲያልቅ፣ ቤተሰቡ ሳንባ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይል ይሆናል እንጂ ስኳር ነው አይልም። ከጤና ጣቢያ ደርሶ የበሽታው ስም ቢነገረው እንኳ የሚሰማው ምክር ለሌላ ሰው የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ «ስብ ተው፣ ጣፋጭ ተው፣ ክብደት ቀንስ»። ከምኑ ላይ ይቀንስ?

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ስኳር በሽታና የልብ ሕመም በእርግጥ የጥጋብ ልጆች ብቻ ናቸውን? መልሱን ለመፈለግ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ በፊት መሶቡን እንከፍታለን። መሶቡም የዳንግላ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች የአዊ ከተማ በአንድ በኩል የማር፣ የቅቤ፣ የገብስና የዳጉሳ አገር ጎረቤት ናት። በሌላ በኩል ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ሮበርት ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫው ያደረጋት፣ ኋላም የጣልያን ጦር የሰፈረባት የመተላለፊያ ከተማ ናት። አሮጌው ምግብ የሚወጣባት፣ አዲሱ ምግብ የሚገባባት በር ነበረች ማለት ነው። በሽታው የሚነበበውም በዚህ ገቢና ወጪ ውስጥ ነው።

ማሩ ወደ ጎንደር፣ ዳጉሳው ለቤት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1770) ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። ብሩስ ስለ አገው ሕዝብ ሲጽፍ ይበልጥ ያስደነቀው ነገር ቢኖር የገበያው ጉዞ ነው። በእርሱ ዘመን የጎንደር ከተማ የምትመገበው ከዚህ ምድር እንደ ነበረ ይገልጻል። አገዎቹ ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ በተራ በተራ ከብት እየነዱ፣ ማርና ቅቤ፣ ስንዴ፣ ሰምና ቆዳ ተሸክመው ወደ መናገሻዋ ይወርዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቅቤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ እንዴት ሳይቀልጥና ሳይበላሽ ይደርሳል? ብሩስ መልሱን አግኝቷል። አገዎቹ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ወቅጠው ከቅቤው ጋር ያዋሕዱታል፤ ጥቂቱ ለብዙ ቅቤ ይበቃል። ስሙንም ጽፎታል፤ መቅመቆ ነው። ለምን በጨው አላቆዩትም ለሚል ጠያቂም ምክንያቱን አልደበቀም፤ ጨው በዚህ አገር ገንዘብ ነው። በእርግጥም ከአፋር በረሃ እየተጠረበ የሚመጣው አሞሌ ጨው በጎጃም ገበያ ዕቃ ይገዛበት ነበር። ገንዘቡን ቅቤ ውስጥ የሚያቀልጥ ማን አለ?

ከዚህች አጭር ዘገባ ሁለት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው፣ አምራቹ ሌላ በሊታው ሌላ መሆኑ ነው። ማሩና ቅቤው ወደ ጎንደር አደባባይ ይጓዛሉ፤ ማሩ ጠጅ ሆኖ ለመኳንንት ይቀዳል። በአምራቹ ቤት ደግሞ በአዘቦት ቀን መሶቡን የሚሞላው ዳጉሳው፣ ገብሱ፣ ግብጦውና ጎመኑ ነው። ማርና ቅቤ ለዓመት በዓል፣ ለአራስና ለእንግዳ ይቆጠባሉ። ሁለተኛው፣ ገንዘብ የሆነ ጨው እንደ ልብ አይበተንም። ዛሬ ሐኪሞች «ጨው ቀንሱ» እያሉ የሚማጸኑበትን ነገር ያን ጊዜ ገበያው ራሱ ያስፈጽመው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የታሪክ ምጸት ደግሞ አይቀርም። በጨው ፋንታ ቅቤ ያቆይ የነበረው መቅመቆ ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ለደም ግፊትና ለስኳር ይበጃል ተብሎ ነው። ሥሩን አፍልቶ የሚጠጣው ብዙ ነው። ተመራማሪዎችም በቤተ ሙከራ እየመረመሩት ነው። ሆኖም መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተጣርቶ ለሕሙማን የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ጥሎ መቅመቆ መጨበጥ ሞት የሚያስከትል ስሕተት ነው።

«የማር ሽንት»

ስኳር በሽታን ከማር ጋር ያገናኘው ግን አገው ምድር አይደለም። የጥንት ሕንዳውያን ሐኪሞች ሕመሙን «የማር ሽንት» ብለው ነበር የጠሩት። ጉንዳን ወደ ሕመምተኛው ሽንት እንደሚሰበሰብ አስተውለዋልና። ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው፣ እነዚያ ሊቃውንት በሽታውን ለሁለት መክፈላቸው ነው፤ አንዱ ቀጫጮችንና ወጣቶችን የሚይዝ፣ ሌላው ወፍራሞችንና በዕድሜ የገፉትን የሚይዝ። ዛሬ ዓለም እንደ አዲስ የሚከራከርበት ልዩነት ያን ጊዜ ታይቶ ነበር ማለት ነው። ግሪካዊው ሐኪም አሬቴዎስም ሥጋ እየቀለጠ በሽንት የሚወጣበት ሕመም ብሎ ጽፎለታል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ የሕሙማኑ ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1776 የአገሩ ልጅ ማቲው ዶብሰን ጣፋጩ ነገር ስኳር መሆኑን፣ ስኳሩም በደሙ ውስጥ ጭምር እንዳለ አሳየ።

ምክንያቱ ቢታወቅም መድኃኒት አልነበረም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የኒውዮርኩ ፍሬድሪክ አለን ያገኘው ብልሃት ረሃብ ነበር። ሕመምተኛው ሕፃንም ቢሆን በሕይወት ለመሰንበቻ ያህል ብቻ እየተሰጠው ይራባል። አጥንትና ቆዳ ሆኖ ጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ይጨምራል። አንዳንዱን በሽታው፣ አንዳንዱን ረሃቡ ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የሚመነጨውን ኢንሱሊን ለይተው አወጡ። በጥር ወር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መዳኛው መራብ መሆኑ ቀረ፤ ኢንሱሊኑን ከምግቡ ጋር አመዛዝኖ መብላት ሆነ።

ይሁን እንጂ ያ የረሃብ ዘመን ጥላውን ጥሎ ሄዷል። ዛሬም «ስኳር አለብኝ» ያለ ሰው ከዘመድ አዝማድ የሚሰማው ቃል «አትብላ» የሚል ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ምግብ ከዘለለ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርድና ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሐሳቡ ይዘበራረቅበታል፤ ካልደረሱለትም ራሱን ይስታል። በዚያች ደቂቃ ራሱን ሳይስት የሚያድነው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ጠላት የተባለው ስኳር መድኃኒት የሚሆንበትም ሰዓት አለ።

ስኳር በመንገድ ሲመጣ

ወደ አገራችን እንመለስ። ጣፋጭ ማለት ማር በነበረበት ዘመን ጣፋጭ በንብና በወቅት የተገደበ ነበር። ገጠሩ ቡናውን በጨው ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም በጨው የሚጠጣ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ፉርኖ ዳቦውና ፓስታው በየከተማው ገባ። ቀጥሎ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። ወንጂ ሸዋ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ተከታተሉ። መንገዱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ኬክ ቤቱም ደረሰ። ቡናን በስኳር ማቅረብ የከተሜነት ምልክት ሆነ። ለእንግዳ ሁለት ማንኪያ ማድረግ ንፍገት፣ አራት ማድረግ አክብሮት ተባለ።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን መታደል ሲጀምር ደግሞ ክብሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሰው የሚናፍቀው የጎደለውን ነውና። ስለ ራሽን ካነሣን አይቀር አንድ የውጭ ምሳሌ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው የስኳር ራሽን እ.ኤ.አ. በ1953 አበቃ። ወዲያውም ሕዝቡ የሚበላው ስኳር በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ተመራማሪዎች ከዚያ በፊትና በኋላ የተፀነሱትን ሰዎች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሕፀንና በጨቅላነታቸው የራሽኑ ዘመን ያገኛቸው ሰዎች በኋላ ዘመናቸው በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስኳር ከመላስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም ለማለትም አንችልም ማለት ነው። ዝምድናው ግን በአንድ ማንኪያና በአንድ ቀን አይደለም፤ ከእናት ማሕፀን ጀምሮ የሚቆጠር ነው።

በዳንግላ ዙሪያ ይህ ለውጥ መልኩን ቀይሮ ይታያል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዊ ቆላ፣ በጃዊ ወረዳ፣ የጣና በለስ የስኳር ልማት ተጀመረ። የማሩ አገር የሸንኮራ አገዳ አገር ለመሆን ተነሣ። በደጋው በፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው የገብሱንና የዳጉሳውን ማሳ ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ መሸጥ ያዘ። ገንዘቡ ብዙዎችን ከድህነት አውጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከራሱ ማሳ ይበላ የነበረ ቤተሰብ ከገበያ ይበላል ማለት ነው። በገበያ ያለው ደግሞ ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ለስላሳና ከባሕር ማዶ የመጣ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት በብዛት የያዘው የማይረጋውን፣ ለልብ የሚሻለውን የስብ ዓይነት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሸማቾች ማኅበር በኩል በስፋት የታደለው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ለጾም ወጥ ተብሎ የገባው ዘይት ለልብ ከቅቤ ያልራቀ ሆነ።

ያልጠገቡት

እስካሁን ያልነው ጥጋብን የሚከስ ነው። እንግዲህ ሌላውን ምስክር እንጥራ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ፊሊፕ ሂው ጆንስ የተባለ ሐኪም በጃማይካ ከታወቁት ሁለት የስኳር በሽታ ዓይነቶች ከአንዱም የማይመድቧቸው ሕሙማን እንዳገኘ ጻፈ። ወጣቶች ናቸው፤ ቀጫጮች ናቸው፤ ብዙ ኢንሱሊን ይፈልጋሉ። ከዚያ ወዲህ ከሕንድም ከአፍሪካም ተመሳሳይ ዘገባ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር በሽታ» የሚል መደብ ከፈተላቸው፤ በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ብሎ መደቡን ሰረዘው። በወረቀት ላይ ተሰረዙ። ሕሙማኑ ግን አልተሰረዙም።

በዚያው በ1999 ከመቀሌ የወጣ ጥናት ኢንሱሊን የሚፈልጉት የገጠር ሕሙማን ሕመም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ይሆን ሲል ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የተዘጋው መዝገብ እንደገና ይከፈት ወይ የሚል ነበር። ያዩት ነገር ግልጽ ነው። በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን ከሚፈልጉት ሕሙማን መካከል ወንዶች ይበዛሉ፤ ኑሯቸው ዝቅተኛ፣ ሰውነታቸው ቀጭን ነው። ከቦርጫሙ የከተማ ሹም ጋር የሚያመሳስላቸው የበሽታው ስም ብቻ ነው። ይህ ክርክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በምግብ እጥረት የሚመጣውን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለው። የማይስማሙ ሊቃውንት ዛሬም አሉ። የሕሙማኑን መኖር ግን የሚክድ የለም።

ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት የሆላንድ ታሪክ ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት የጀርመን ጦር ምግብ ባገደበት ጊዜ የምዕራብ ሆላንድ ሕዝብ ክፉኛ ተራበ። በዚያ ረሃብ ወቅት በማሕፀን የነበሩት ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ ዐቅሙ ከእኩዮቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች እንደሚገምቱት፣ በእጦት ያደገ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት ዐቅሙ ያንሳል። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በእጦት ቢኖር አንድ አደጋ፣ ድንገት ጥጋብ ቢያገኝ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል።

ይህን በእኛ አገር ላይ አስቡት። ክፉ ቀን ከተባለው ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ረሃብ ወዲህ ስንት ትውልድ በማሕፀን ተርቧል? የዚያ ትውልድ ልጅ ከገጠር ወደ ዳንግላ፣ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ መጥቶ ዱቄትና ስኳር ሲያገኝ፣ መንገዱንም በባጃጅ ሲያደርገው፣ ጥጋቡ የሚወርደው እጦት በሠራው ሰውነት ላይ ነው። ጥጋብና እጦት ሁለት ሰዎች ይመስሉናል እንጂ አንዳንዴ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይገናኛሉ።

ልብና ጨው

ስኳር በሽታ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ የሚገድለው በአብዛኛው በልብና በደም ሥር በኩል ነው። በደም ውስጥ የሚቆይ ትርፍ ስኳር የደም ሥርን ግድግዳ ያቆስላል፤ የሚረጋ ስብ በቁስሉ ላይ ይደርባል፤ የደም ግፊት ደግሞ በላዩ ይመታበታል። ሦስቱ ሲተባበሩ ልብ ይታፈናል፤ አንጎል ውስጥ ደም ይቋረጣል፤ ኩላሊት ይዳከማል። ስለዚህ ለስኳር የሚጠነቀቅ ሰው ለጨውና ለስብም ካልተጠነቀቀ ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚይዘው የልብ ሕመም ግን ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ቁስለት የሚመጣ መሆኑን መለየት ያሻል። እርሱ የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ የሕክምና ጉዳይ ነው።

ሂው ትራውል የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በኬንያና በዩጋንዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያክም ኖሮ፣ የልብ ደም ሥር ጥበት ያለበት ዩጋንዳዊ አግኝቶ ለመዘገብ እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ገለባው ያልወጣለት እህልና ጥራጥሬ የሚበላ ሕዝብ ከዚህ ሕመም ለምን ዳነ የሚለው ጥያቄ ኋላ ከዴኒስ በርኪት ጋር ለአሠር ጥናት አበቃው። አሠር ማለት ስንፈጭና ስንነፋ የምንጥለው የእህል ልብስ ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተደረገው የጤና ጥናት ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ከ5 ግራም በታች ነው። ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊት ሲገኝባቸው፣ የሚበቃውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ከመቶው 98 ያህል ነበር። ገንዘብ የነበረው ጨው ረከሰ፤ በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በአዋዜው፣ በዳጣው ሁሉ ገባ። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገሬ ሰው። አሁን ተራው የእኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ለራሳችን ስንል ማጣፈጡን መቀነስ አለብን።

መሶቡን እንደገና ስንከፍት

እንግዲህ አያቶቻችን የበሉትን ብቻ ብንበላ እንድናለን ልንል ነውን? አይደለም። ያው መሶብ ረሃብም ያውቃል። ነገር ግን ከዳንግላና ከአካባቢዋ ማሳ ላይ የሚነሣው እህል የሚናገረው አለው።

ገብስ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ፣ ስኳርም ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ አሠር አለው። ቆሎውና በሶው እንደ ነጭ ዳቦ የሚቸኩሉ አይደሉም፤ በሶው በስኳር ካልተበጠበጠ በቀር። ዳጉሳ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሠሩ አይጠፋም፤ ካልሲየሙም ከብዙ እህል የበለጠ ነው። ግብጦ ደግሞ የድሃ ጥራጥሬ ተብሎ የተናቀ ሀብት ነው። ከክብደቱ ሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ የግብጦ ፕሮቲን ኮሌስትሮልን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በውጭ አገር በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አመልክተዋል። ነገር ግን መራራነቱ መርዝ ስለሆነ የአካባቢው ሰው እንደሚያደርገው ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ በወራጅ ውኃ ለቀናት ካልተነከረ አይበላም። የግብጦ አረቄ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥራጥሬው በብርሌ ሲገባ ጥቅሙ ከደጅ ይቀራል።

የሚያሳስቱ ልማዶችም አሉ። ማር «መድኃኒት ነው፤ ስኳር ያለበትን አይጎዳም» ይባላል፤ ማርም ግን የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል። «ጥቁር እንጀራ እንደ ልብ ብላ» ይባላል፤ እንጀራ ከጤፍም ይሁን ከዳጉሳ ቢጋገር በመጨረሻው ወደ ስኳር የሚለወጥ እህል ነው፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። የአዊ ደጋ የታወቀበት ድንችም እንደ አትክልት ሳይሆን እንደ እንጀራ ይቆጠር። በዳጣና በጨው ተነክሮ ሲበላ ደግሞ ልብንም ስኳርንም በአንድ ጉርሻ ይነካል።

መጠን ስንል የእኛ አበላል ችግር አለበት። የፈረንጅ መማሪያ ሳሕኑን ከፍለህ ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡን እህል አድርግ ይላል። ስድስት ሰው በሚቀርብበት ገበታ ላይ የእኔ ሩብ የቱ ነው? ጉርሻስ በምን ይለካል? እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ቤት የሕመምተኛው ብቸኛ መከታ ቤተሰቡ ነው። አንዲት እናት ጎመኑን አብዝተው፣ ወጡን በጥራጥሬ አደንድነው፣ ጨውና ዘይቱን ቀንሰው ለቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሠሩ በሽተኛውም አይነጠልም፤ ጤነኛውም ይጠበቃል። ለታመመ የተለየ ድስት መጣድ የሚችል ቤት ጥቂት ነው።

ጾሙም ታላቅ ረዳት ነበር። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናቱ እስከ 250 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ይርቃሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ዘይቱ ካልበዛበት፣ ፋሲካም በአንድ ቀን ሁሉን ካላስመለሰ። ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ መዋሉ አደጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን አታስገድድም። ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ፣ የምግቡን ዓይነት እየጾመ ሰዓቱን ማክበር ይችላል።

ለዚያ ለገጠሩ ቀጭን ሰው ግን ይህ ሁሉ ምክር ከመድረሱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። እርሱ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን፣ ኢንሱሊኑን የሚያቆይበት ቀዝቃዛ ሸክላ፣ በቅርብ የሚያገኘው ጤና ጣቢያና የሚበቃው ምግብ ነው። በጎንደርና በጅማ የታየው ልምድ የስኳር ክትትልን ከትልቁ ሆስፒታል አውጥቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማውረድ እንደሚቻል አሳይቷል። በ1976 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም ሕሙማን ስለ ሕመማቸው እንዲያውቁ ሲደክም ቆይቷል። «ብላ» የሚባል የስኳር ሕመምተኛም እንዳለ ሕዝቡ ካላወቀ ግን ድካሙ ሁሉ ከግማሽ ይቀራል።

ለከተማው ሰው «ቀንስ»፣ ለገጠሩ ሰው «ጨምር»። አንዱን ቃል ለሁለቱ የሚናገር ሐኪምም ሆነ ጎረቤት ከሁለቱ አንዱን ይበድላል። የበሽታው ስም አንድ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባባቸው በሮች ግን ሁለት ናቸው። «የሀብታም በሽታ» የሚለውን ቀልድ ስንተው የሁለተኛውን በር ለማየት እንጀምራለን። ያን በር የሚያንኳኳው ሰው ማሩን ለጎንደር አሸክሞ ዳጉሳውን ይበላ የነበረው የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ነው።